ርግማንና አዋጅ፤ ቅርስ ስለ ራሱ ጥበቃ የሚናገረው

ስለ ቅርስ አጠባበቅ ሲነሣ ጉዳዩን ለአርኪዮሎጂና ለሕግ ባለሙያዎች መተው ለምደናል። እኔ ግን ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ተማሪንም በቀጥታ ይመለከታል እላለሁ፤ በአገራችን ስለ ቅርስ ጥበቃ የተጻፈው ቃል ከአዋጆች ሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው በቅርሱ በራሱ ላይ ነውና።

በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዔዛና ያስቀረጻቸው ጽሑፎች በአመዛኙ የዘመቻ ዜናዎች ናቸው፤ በማን ላይ እንደ ተዘመተ፣ ስንት ሰው እንደ ተማረከ፣ ምን ያህል ከብት እንደ ተነዳ ይዘረዝራሉ። መዝጊያቸው ላይ ሲደርሱ ግን ቃናው ይለወጣል። ስለ ኖባ ዘመቻ በሚናገረው ጽሑፍ መጨረሻ፣ የተተከለውን ዙፋን የሚነቅል ወይም የሚያፈርስ ሰው እርሱም ዘመዱም ከምድሩ እንዲነቀል ንጉሡ ይራገማል። ወንጀሉና ቅጣቱ በአንድ ግስ መነገራቸውን ልብ ይሏል፤ ነቃይ ይነቀላል። ከብዙ ዘመን በኋላ በብራና መጻሕፍታችን ላይ የምናገኘው ግዝትም አወቃቀሩ ተመሳሳይ ነው፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። የሚቀጣው ባለሥልጣን ተለወጠ እንጂ አረፍተ ነገሩ አልተለወጠም።

ለመሆኑ ርግማኑ ሠርቷል ወይ? አንዳንዴ አዎን። የዔዛና ሁለተኛው የሦስትዮሽ ጽሑፍ በ1981 እ.ኤ.አ. ገበሬዎች አግኝተውት ከቦታው ሳይነሣ ቀረ፤ በላዩም ትንሽ ቤት ተሠራለት። ድንጋዩን ያነሣ ይቀሠፋል የሚለው ነገር እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይነገራል። የአርኪዮሎጂ ሊቃውንትም ከዚህ የተለየ አይመክሩም፤ ከተገኘበት አፈር የተለየ ዕቃ ምስክርነቱን በግማሽ ያጣል ይላሉ።

በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ግን አልሠራም። ከዚያ የተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ግእዝ የማያነብ ወታደር ግዝቱን ሊፈራ አይችልም፤ ማንበብ የሚችለው ሊቅ ደግሞ በካታሎግ መደባቸው፤ ዊልያም ራይት ካታሎጉን በ1877 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ርግማን የሚያስፈልገው አንባቢ ብቻ ሳይሆን አማኝ አንባቢ ነው።

24 ሜትር የሚያህለው የአክሱም ሐውልት ደግሞ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ተወሰደ፤ እንዲመለስ የሚያስገድደው ቃል የተጻፈው በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ላይ ነበር፤ ቀነ ገደቡም አሥራ ስምንት ወር። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ የተመለሰው በ2005፣ ቆሞ የተመረቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የውል ቃልም ከርግማን ብዙም አልፈጠነም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በእኛ አቆጣጠር) ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያሳውቅ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም አዋጁ የሚኖረው በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የዔዛና ቃል ግን ሊነቅል የመጣውን ሰው እዚያው በቦታው ላይ ይጠብቀዋል። ማረሻው ድንጋይ የነካበት ገበሬ ከሁለቱ የትኛውን ቀድሞ እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ አንድ ነገር አሳስባለሁ። የብራና መጽሐፍ ሲመዘገብ ቁመቱ፣ ወርዱና የቅጠሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን ግዝቱ በሙሉ ቃሉ ይመዝገብ። ግዝቱ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ፣ ማንም እንዳጻፈው ከሚገልጸው ቃል ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ መጽሐፉ በባዕድ አገር ገበያ ላይ ቢወጣ ባለቤቱን የሚያስረዳ ሰነድ እርሱ ነው። ሌባውም ይህን ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚፍቀው የደብሩን ስም ነው። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ከሰረቀው ጎን የፋቀውን አብረው ያወገዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።