ጓያና የተገተረ እግር

ብቸናና ሞጣ ባሉበት በምሥራቅ ጎጃም ጥቁር አፈር፣ ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ሌላው እህል በድርቅ ሲጠፋ እሱ ስለሚተርፍ፣ በክፉ ቀን ከገበታ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለው መርዙ፣ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፣ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርዱትን የእንቅስቃሴ ነርቮች ያበላሻል፤ እግርም ይገተራል፤ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1976–77 በደምቢያ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት የታየው ወረርሽኝ ይኸው ነው።

የወረርሽኙ ታሪክ በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ ከነርቩ ወደ ጡንቻው የዞረ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ዝሎ የቀረ ጡንቻ ይከሳል፤ ስብ ይተካዋል፤ ስኳርን የሚቀበል ሥጋ ስለሚያንስም የደም ስኳር ይዛባል። የተገተረው ግን ሳይታዘዝ ስለሚኮማተር መጠኑን በከፊል ይጠብቃል። ጎርጌይና ደድሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ ኅብለ ሰረሰራቸው በከፊል በተጎዳ ሰዎች ላይ ይህንኑ ያመለክታል። በጓያ ሕሙማን ላይ የተደረገ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ ጓያ የሰበረው ገበሬ በምርኩዝ፣ በእግሩ ጣቶች ጫፍ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ ሲሄድ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ ኃይል ያወጣል። ረኀብ ያመጣበት በሽታ ተመልሶ ብዙ እህል ይጠይቀዋል። ስለዚህ ባክሎፌን ከማዘዛችን በፊት፣ ሕመምተኛው ለመቆም በግትርነቱ የሚደገፍ እንደሆነ፣ ቤተሰቡም ምን እንደሚበላ መጠየቅ ይገባናል፤ መልሱ ጓያ ብቻ ከሆነ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ በደላንታ የተደረገው ጥናት አሳይቷል።