ሬዲዮን ከሆም ቴአትር ጋር በአነስተኛ ወጪ ማገናኘት

ሆም ቴአትር ያለው ቤተሰብ የሬዲዮ ሥርጭትን በጥራት ለማዳመጥ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ሆም ቴአትሩ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የተገናኘ ከሆነ፣ በቅድሚያ ሪሞቱን መመልከት ይገባል፤ አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ከቴሌቪዥን ወደ ሬዲዮ መቀየሪያ ቁልፍ ስላላቸው፣ በሳተላይት የሚሰራጩ የሬዲዮ ጣቢያዎችን ያለ ተጨማሪ ዕቃ ያሰማሉ።

በሳተላይት የማይገኝ ጣቢያን ለማዳመጥ፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው አነስተኛ ሬዲዮ ይበቃል። አንድ ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ከሬዲዮው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ወደ ሆም ቴአትሩ የድምፅ መግቢያ ይሰካል። የሬዲዮው ድምፅ መካከለኛ ላይ ተደርጎ፣ ቀሪው በሆም ቴአትሩ ይስተካከላል፤ ሬዲዮው ከመጠን በላይ ከተከፈተ ድምፁ ይሻክራል።

ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ የሚሰራጨውን ኤፍ ኤም ተራራና ወፍራም ግድግዳ ስለሚጋርዱት፣ አንቴናውን መዘርጋትና ሬዲዮውን ወደ መስኮት ማስጠጋት ይጠቅማል። መካከለኛ ሞገድ ርቆ ቢደርስም የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይረብሹታል፤ ስለዚህ ሬዲዮውን ከሆም ቴአትሩ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ሆም ቴአትሩ ዝም ይላል፤ ሬዲዮው ግን ገመዱ ሲነቀል በራሱ ድምፅ ማጉያ የአየር ትንበያውንና የገበያ ዋጋውን ማሰማቱን ይቀጥላል።