ዜና ሐይቀ ሜንዶታ

በሰሜን አሜሪካ፣ በዊስኮንሲን አገር፣ ማዲሰን በተባለች ከተማ ሜንዶታ የሚባል ሐይቅ አለ። ስፋቱ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም፣ እጅግ በጠለቀበትም ቦታ ጥልቀቱ 25 ሜትር ነው። ሆቻንክ የተባሉ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በዳርቻው ኖረዋል፤ አባቶቻቸው በአውሬና በወፍ አምሳል የከመሩት የአፈር ጉብታ ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ይታያል። ይህ ዜና በዚያ ዳርቻ የተነሣው የሐይቅ ጥናት ቤት እንዴት እንደ ቆመ ይናገራል። የዓመታቱ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1875 ኤድዋርድ ቢርጅ የተባሉ የ24 ዓመት መምህር ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መጡ። ልባቸው የሳበው የውሃ ቁንጫ ወደምትባል፣ ከሰሊጥ ፍሬ ወደማትበልጥ ፍጥረት ነበር። በሙቀቱም ወራት መረባቸውን ወደ ጥልቁ ሲያወርዱ ቁንጫዪቱ ከታች አትገኝም ነበር። ምክንያቱን ሲመረምሩ ሐይቁ በዚያ ወራት ሁለት ሆኖ አገኙት፤ ሞቃቱ ውሃ ከላይ ይሰፍፋል፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይተኛል፣ በመካከላቸውም ሙቀቱ በድንገት የሚወርድበት ወሰን አለ። በ1897 ወሰኑን ቴርሞክላይን ብለው ሰየሙት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቷል። የላይኛው ውሃ ከነፋሱ ጋር እየተገናኘ ይታደሳል፤ የታችኛው ግን እንደ ተዘጋ ቤት ነው። ከላይ የሚወርደው ሙት ነገር በውስጡ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ያንጊዜ በዚያ ኦክስጅን የሚሻ ፍጥረት ሊኖር አይችልም። ሐይቅም እንደ ሕያው ፍጥረት እንደሚተነፍስ ታወቀ።

በ1900 ቻንሲ ጁዴይ የተባሉ ሰው ከቢርጅ ጋር ለመሥራት ተቀጠሩ። ጥቂት እንደ ቆዩ ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሄዱ፤ ድነውም በ1905 ተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተለያዩም። በ1911 በዊስኮንሲን ሐይቆች ውስጥ ስለሚሟሙት ጋዞች ታላቅ መጽሐፍ አወጡ።

ቢርጅ ከ1918 እስከ 1925 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሹመቱ ሲወርዱ ዕድሜያቸው ወደ 74 ተጠግቶ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ዕረፍት ይሻል፤ እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት ከጁዴይ ጋር ወደ ሰሜኑ ጫካ ወጥተው በትራውት ሐይቅ ዳር የጥናት ጣቢያ መሠረቱ። በዓመታትም ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ሐይቆችን ለኩ፤ ሙቀቱን፣ ጋዙን፣ ብርሃኑ የሚዘልቅበትን ጥልቀት መዘገቡ። እኔ ከፕሬዚዳንትነታቸው ሁሉ ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ። ጁዴይ በ1944 ዐረፉ፤ ቢርጅም 98 ዓመት ኖረው በ1950 ዐረፉ።

ከእነርሱ በኋላ የጁዴይ ደቀ መዝሙር አርተር ሃስለር ተተኩ። እርሳቸው ሐይቅን መለካት ብቻ አልበቃቸውም፤ ሐይቅን ራሱን ሊፈትኑት ወደዱ። በዊስኮንሲንና በሚሺጋን ድንበር ወገቡ የቀጠነ አንድ ሐይቅ ነበረ፤ ወገቡን በአፈር ገድበው ለሁለት ከፈሉት፤ ስማቸውም ጴጥሮስና ጳውሎስ ተባለ። በ1951 በጴጥሮስ ላይ ኖራ ጨመሩበት፣ ጳውሎስን ለማነጻጸሪያ እንዳለ ተዉት። የጴጥሮስም ቡናማ ውሃ እየጠራ ሄደ። ሐይቅን ከመንታው ጋር እያስተያዩ መመርመር ከዚያ ወዲህ ከዚህ ጥናት ዋና መንገዶች አንዱ ሆነ።

ደግሞም ሃስለር በ1946 በትውልድ አገራቸው በዩታ ተራራ ሲወጡ፣ የፏፏቴው ዳር የሣርና የአበባ ሽታ የልጅነታቸውን ነገር አስታወሳቸው። ሳልመን የተባለውስ ዓሣ ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለሰው የወንዙን ሽታ ተከትሎ ይሆንን? ብለው አሰቡ። በ1951 ከዋረን ዊዝቢ ጋር ሐሳቡን በጽሑፍ አወጡ፤ በኋላም በሚሺጋን ሐይቅ በተደረገ ፈተና እውነት ሆኖ ተገኘ።

በ1963 በሜንዶታ ዳር የጥናቱ ሕንፃ ተሠራ።  በ1982ም የሊምኖሎጂ፣ ማለት የሐይቅ ጥናት፣ ማዕከል በስሙ ቆመ፤ ጆን ማግኑሰን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ነገር ግን ማዕከሉ ከስሙም ከሕንፃውም ይቀድማል፤ ቢርጅ መረባቸውን ካወረዱበት ቀን ጀምሮ ነበረ።

በ2009 ለትምህርት የወጡ ተማሪዎች በመረባቸው እሾኻም የውሃ ቁንጫ አገኙ፤ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች ባዕድ ናት። ቢርጅ የወደዷትን አገሬዪቱን ቁንጫ በላቻት፤ ውሃውን የሚያደፈርሰውን አልጌ የምትግጠው አገሬዪቱ ስለነበረች የሐይቁ ጥራት በአንድ ሜትር ግድም አነሰ። ይህ ሊታወቅ የቻለው የድሮው መዝገብ ስላለ ነው።

ከመዝገቦቹ ሁሉ የሚረዝመው የበረዶው ነው። ሜንዶታ በብርዱ ወራት ግግር ይለብሳል፤ የማዲሰን ሰዎች የጋገረበትንና የቀለጠበትን ቀን ከ1850ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል። ማግኑሰን በ2000 ከጓደኞቻቸው ጋር የብዙ አገር ሐይቆችንና ወንዞችን እንዲህ ያለ መዝገብ ሰብስበው፣ ግግሩ በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ 6 ቀን ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ወደ 6 ቀን ተኩል ቀድሞ እንደሚሄድ አሳዩ። በሜንዶታ ላይ በ1880 የገባው ግግር 161 ቀን ቆየ፤ ከ2001 ወደ 2002 በተሻገረው የብርድ ወራት ግን 21 ቀን ብቻ ቆየ።