«ዘመናዊ ታዳሽ ኃይል» ስለሚባለው ቃል

አገሮች ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከወራጅ ውኃና ከዕፀው የሚያገኙትን ኃይል እየመዘነ ማን እንደ ቀደመ ማንም እንደ ዘገየ የሚናገር ሠንጠረዥ በየጊዜው ይወጣል፤ ከነዚህም አንድ አገር በጠቅላላው ከሚፈጀው ኃይል ታዳሹ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚሆን የሚያሳየውን የተመለከተ ሰው፣ ኢትዮጵያ ዘጠና ገደማ ይዛ፣ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውኃ የምታገኘውን ኖርዌይን በስድሳ ገደማ አስከትላ ሲያገኛት፣ ደስ ማለቱም መገረሙም አይቀርም። ደስታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኛም ኤሌክትሪክ ከጥቂቱ በቀር ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን የዚያ ዘጠና እጅግ የሚበዛው ክፍል የሚወጣው ከግድብ ሳይሆን ከምድጃ ነው።

ይህን ለመለየት የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ሊቃውንት በእንግሊዝኛ «ሞደርን ሪኒዩብልስ» የሚሉት፣ በአማርኛም «ዘመናዊ ታዳሽ ኃይል» ልንለው የሚገባን ቃል፣ ከታዳሹ ጠቅላላ ድምር ላይ በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድደው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የአገዳ ቃርሚያ ተቀንሶ የሚቀረውን ያመለክታል። ቃሉ የሚመዝነው የማገዶውን ዓይነት አይደለም፤ አጠቃቀሙን ነው።

ለዚህም በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ወረዳ ያለውን የራቤልን ደጋ መመልከት ይበቃል። ዛፍ በሳሳበት በዚያ አገር ሴቶችና ልጆች ከበረት የዛቁትን እበት ከገለባ ጋር ለውሰው፣ በመዳፋቸው ጠፍጥፈው፣ በድንጋይ ካብ ላይ ለፀሐይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅም ኩበት ሆኖ ለክረምት ይከመራል፤ በነደደም ጊዜ ጭሱ የጋጋሪዋን ዐይን ያስለቅሳል፣ ለገብሱ ማሳ ማዳበሪያ ሊሆን የነበረውም ሀብት አብሮ ይጠፋል። ያው እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ቢብላላ ግን ጭስ የሌለው ጋዝ ይወጣዋል፣ ዝቃጩም ወደ ማሳው ይመለሳል፤ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የደከመው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ከአንዲት ላም የወጣው አንዱ እበት በኩበትነቱ ከሠንጠረዡ የዘመናዊ ታዳሽ ኃይል ዓምድ ይወጣል፣ በጋዝነቱ ይገባል። (የደጋው ብርድ እበቱን የሚያብላሉትን ረቂቃን ተሐዋስያን ስለሚያዘገይ፣ ውኃውንም በእንስራ መቅዳት ስለሚያስፈልግ፣ በራቤል ነገሩ በቆላ እንደሚሆነው ቀላል አይደለም።)

«ታዳሽ» የሚለውም ቢሆን ያለ ቅድመ ሁኔታ አይነገርም፤ የተቆረጠው ካልበቀለ ታደሰ አይባልምና። በአቅራቢያው ባለው በመንዝ ጓሳ፣ የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ትውልዶች ያቆሙት፣ ቄሮ የተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩንና ማገዶውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስም በወሰን እየከፈተ፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪፈርስ ድረስ ማገዶን በእውነት ታዳሽ አድርጎ ያቆየ ነበር፤ ይህን ግን የትኛውም የአገሮች ማወዳደሪያ አይመዘግበውም።

የአዲሱ ቃል ጥቅም በይበልጥ የሚታየው እድገት በመጣ ጊዜ ነው። አንዲት የራቤል እናት ጉልቻውን ትታ በቡታጋዝ ወጥ ብትሠራ፣ ጋዙ ከማዕድን ዘይት የሚገኝ ነውና የአገሪቱ ታዳሽ ድርሻ ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብትጋግር እንኳ፣ ብዙውን ኩበት የሚተካው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ በአሮጌው ሠንጠረዥ ከመቶው ጥቂት ይጎድላል፤ በዘመናዊው ዓምድ ግን ያ የኤሌክትሪክ ምጣድ ኢትዮጵያን ከፍ ያደርጋታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቁጥር ከዘጠና ወረደ የሚል ወሬ ሲሰማ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የወረደው የትኛው ዓምድ እንደ ሆነ ነው።