አባ ጎርጎርዮስ በጎታ

የእህቴ ልጅ ከባልዋና ከትንሿ ልጇ ጋር በጀርመን አገር፣ ጎታ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ትኖራለች። «ጋሼ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ስትወተውተኝ ከረመችና፣ በጥቅምት ወር አንድ አርብ እንጀራዬን ጠቅልዬ ከፍራንክፈርት ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩም ፉልዳን አለፈ፣ ከዚያም ቅጠሉ ቢጫና ቀይ የሆነውን ጫካ እየሰነጠቀ አይዘናኽ ደረሰ፣ ሉተር ሐዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ የተረጎመበት የቫርትቡርግ ግንብም ከኮረብታው ጫፍ በጉም መሐል ብቅ ብሎ ታየኝ፣ ከዚያም ጥቂት ተጉዞ ጎታ አወረደኝ።

ያካፋ ነበር። የእህቴ ልጅ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አድርጌ አቀፍኳት፤ ትንሿ ግን ከእናቷ ኮት ጀርባ ተሸሽጋ በአንድ ዓይኗ ታየኝ ነበር። ቀኑ አርብ ነውና ማታ ሽሮ በላን፣ ቡና ተፈላ፣ ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን አረፈ ስንባባል መሸ።

በማግሥቱ ዝናቡ አባራና ወደ ገበያው አደባባይ ወጣን። ቀዩን የማዘጋጃ ቤት አለፍን፣ ከዚያም ወደ ግንቡ የሚወስደውን ዳገት ያዝን። ከዳገቱ ሥር ውሃ በደረጃ እየተንፏፏ ይወርዳል፤ የጎታ ሰዎች በ14ኛው መቶ ዘመን ቦይ ቆፍረው ከተራራው ያመጡት ውሃ ነው አሉኝ። ትንሿ እጇን ነከረች፣ ከዚያም በዚያው በረጠበው እጇ የእኔን እጅ ያዘች።

ፍሪደንሽታይን የሚባለውን ይህን ግንብ መስፍኑ ኤርንስት በ1643 ማሠራት ሲጀምሩ፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና አገሩን ያነድ ነበር። ከበሩ በላይ ሰላምና ጽድቅ ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል፤ ዳዊት የደገመ ሰው ሳይነግሩት ያውቃቸዋል።

እዚያው በር ላይ ቆሜ ለትንሿ ወደዚህ ግንብ የመጡትን የአባ ጎርጎርዮስን ነገር አጫወትኳት። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት በሚያርፉበት ቤት ሳሉ፣ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ወጣት መጣ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቅሞ የተማረ ነው፤ የሚያርመው መምህር ግን አልነበረውም፤ አባ መምህሩ ሆኑ። ከዚያም በ1652 መስፍኑ ጋበዟቸውና፣ አባ በዚያ ዘመን መንገድ፣ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው እስከዚህ መጡ። መስፍኑ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው ይጠይቃሉ፣ አባ ይመልሳሉ፣ ሉዶልፍ ይጽፋል።

«አባባ፣ ጀርመንኛ ይችል ነበር?» አለችኝ።

«ይችሉ ነበር በዪ» አለቻት እናቷ።

«የለም ልጄ፣ ከሉዶልፍ ጋር የሚነጋገሩት በግዕዝ ነበር። አማርኛውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።»

«አስተማሪው እሳቸው ናቸው?» ብላ ግንቡን ቀና ብላ አየችው። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በክፍሏ ካሉት ልጆች የተለየ መልክ ያላት የእሷ ልጅ ብቻ መሆኗን ማታ ነግራኛለች። እኔም ከግንቡ ወርቅና ሥዕል ሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ይህ ነው፦ የእኛ ሰው በዚህ አገር መምህር ሆኖ በክብር መቀመጡን ልጅቱ በጆሮዋ መስማቷ።

የቀረውን በለሆሳስ ነገርኳት። አባ አገራቸውን ሳያዩ በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ባሕር በላቸው። ሉዶልፍ ግን ወዳጁን አልረሳም። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ፣ በ1698ም የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በማተሚያ ቤት የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ያ ነው። የታተመውም እኔ በምኖርበት በፍራንክፈርት ነው። አባ ካረፉ 40 ዓመት አልፎ፣ ትምህርታቸው ገና ፍሬ ያፈራ ነበር።

እሑድ ከጸሎት መልስ የአገሩን ሰው የድንች ክሎስ ከእኛው ቀይ ወጥ ጋር በላን፣ ከዚያም ወደ ባቡር ጣቢያው ሸኙኝ። ትንሿ ሰኞ ለመምህሯ ልትናገር ቆርጣለች፤ ስማቸውን ጻፍልኝ ብላ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ጻፍኩላት፣ እሷም ከሥር እየገለበጠች ቆየችና ድንገት፣ «አባባ፣ ጎታም በዚሁ ፊደል ነው የምትጀምረው!» ብላ ጮኸች። «እውነትሽን ነው» አልኳት፤ እናቷም «ጋሼ፣ ባቡሩ መጣ!» እያለች ሻንጣዬን አነሳች።