የፊልምና የዲጂታል ካሜራ የምስል ጥራት፦ ታሪካዊ ንጽጽር

ፎቶግራፍን ወደ ቁጥር የመለወጥ ታሪክ የሚጀምረው፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት በካሜራ ሳይሆን በስካነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ኪርሽ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በማሰር፣ ወርዱም ቁመቱም 176 ነጥብ የሆነ ምስል ለኮምፒዩተር አቀበለ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሲሠራ፣ የምስሉ መጠን 100 በ100፣ ማለት 10,000 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ይህንኑም በካሴት ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር።

ሁለቱ ዘዴዎች ለውድድር የሚበቁበት ጊዜ ቀስ በቀስ ደረሰ። በ2002 ካኖን ያወጣው 1ዲኤስ ካሜራ፣ ስፋቱ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ሴንሰር ላይ 11 ሚሊዮን ነጥብ ይመዘግብ ነበር። ይኸው ስፋት ያለው ፊልም በአንድ ኢንች 4,000 ነጥብ በሚያነብ ስካነር ሲነበብ ግን 21 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሰጣል። በቁጥር ብቻ ቢፈረድ ፊልሙ በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር።

ነገር ግን ነጥብ ሁሉ እኩል ዝርዝር አይዝም። ስካነር የሚያነበው ትዕይንቱን ሳይሆን የትዕይንቱን ፎቶግራፍ ስለሆነ፣ የፊልሙም ቅንጣት አብሮ ይነበባል። በሌላ በኩል ዲጂታል ካሜራም የራሱ ጉድለት አለበት። ብራይስ ቤየር በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ መሠረት፣ እያንዳንዱ የሴንሰር ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ይለካል፤ የቀሩት ሁለቱ ከአጎራባች ነጥቦች በስሌት ይሞላሉ። ብርሃን ከልክ ሲያልፍም ሴንሰሩ ስለሚሞላ የነጩ ክፍል ዝርዝር ጨርሶ ይጠፋል፤ ኔጋቲቭ ፊልም ግን ትርፉን ብርሃን በዝግታ ስለሚቀበል የደመናን ቅርጽ ይዞ ይቆያል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዋናው ልዩነት በጊዜ ሂደት የሚታየው ነው። የኪርሽን ፎቶግራፍ በ30,976 ነጥብ የወሰነው ስካነሩ እንጂ ወረቀቱ አልነበረም፤ በዛሬ ስካነር ቢነበብ እጅግ የበለጠ ዝርዝር ይሰጥ ነበር። የሳሶን 10,000 ነጥብ ግን ምን ጊዜም 10,000 ነው። ስለሆነም የመንገድ፣ የድልድይና የግድብ ሥራ ታሪክ የተመዘገበበት ኔጋቲቭ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ፊልሙ በስካነር ተነቧልና ይወገድ ብሎ ከመወሰኑ በፊት ይህን ሊያስብበት ይገባል። በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ የተቀመጠ ፊልም ነገ በተሻለ መሣሪያ እንደገና ሊነበብ ይችላል፤ የተጣለ ፊልም ግን የመጨረሻ ጥራቱ ትናንት በተነበበበት ስካነር ልክ ተወስኖ ይቀራል።