ገና የተባለው ዱላ ስሙን ከየት አገኘ

በደብረ ብርሃን ሜዳ አጨዳው ተፈጽሞ ማሳው ለከብት በተለቀቀ ጊዜ፥ ወንዶች ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘውና በሁለት ወገን ተከፍለው አንዲት ትንሽ ኳስ እየመቱ መሯሯጣቸው የቆየ ልማድ ነው። በዓሉ ገና፥ ጨዋታውም ገና፥ ዱላውም የገና ዱላ፥ ባጭሩም ገና ይባላል። ከሦስቱ ስሙን ለሌሎቹ ያወረሰው የትኛው ነው?

በሽማግሎች የሚነገረው ትውፊት ለዱላው ያደላል። የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ከመልአክ በሰሙ ጊዜ፥ ከደስታ ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። የሉቃስ ወንጌል ግን እረኞቹን እንጂ ጨዋታቸውን አያነሣም። ትውፊቱ ልማዱን ያከብረዋል፤ ቃሉን ግን አይፈታውም።

የበዓሉ የግእዝ ስም ልደት ነው፤ እርሱም ከወለደ የወጣ ነው። ገና ግን፥ ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚቀበሉት፥ መወለድ የሚል ትርጓሜ ካለው ከግሪኩ «ጌና» የመጣ ነው። ግሪኮች ዛሬም በዓሉን «ክሪስቱጌና» ይሉታል። ጳጉሜንን፥ ዲያቆንንና ኤጲስ ቆጶስን ከግሪክ ለተቀበለ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ገና አልመጣም» ከሚለው ቃል ጋራ ማዛመድም አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከትግርኛ ይገኛል። በዚያ በዓሉ ልደት፥ ይህን የመሰለው የዱላ ጨዋታ ደግሞ ቃርሳ ይባላል። እንግዲህ ጨዋታው ገና ሳይባልም ይኖራል ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን የቀኑን ስም ለጨዋታው፥ የጨዋታውን ለዱላው ሰጠ። ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28 ቀን) ካለፈም በኋላ ዱላው ስሙን አይለቅም።

ኳሱ ከዚህ ውርስ ውጭ ቀርቷል። ከእንጨት የተድቦለቦለው እሩር ወይም ሩር፥ ከጠፍር የተጎነጎነው ጥንግ ይባላል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ የባሕር ማዶ ቃልና የእረኛ ቃል ጎን ለጎን ይሮጣሉ።

ዱላው ከበዓሉ የወረሰው ስሙን ብቻ አይደለም፤ የበዓሉንም ነጻነት ወርሷል። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን እንዳይቆጣ የቆየው ብሂል አዝዟል። እንደ አንኮበር ባለ የነገሥታት ከተማ፥ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) በገዙበት ዘመን ሰው ሁሉ በማዕርጉ ይቆምና ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የብሂሉ ክብደት ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ በሌላ ቀን ጌታውን በዱላ የነካ ሎሌ ሰንሰለት ይጠብቀዋልና።